ከፓኔሉ ሌላ ገንዘቡ የት ይሄዳል? የቤት ሶላርን ሙሉ ወጪ ለማስላት

ሶላር ለማስገባት ያሰበ ሰው ገበያ ሲወጣ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው «ፓኔሉ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው በጊዜው ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የአንድ ዋት ፓኔል ዋጋ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 2 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ስለነበር ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ፓኔሉ ነበር። በ2024 ግን ያው አንድ ዋት ከቻይና ፋብሪካ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ መውጣት ጀመረ፤ ባትሪ ባለው የቤት ሶላር ላይም ክብደቱ ወደ ሌሎቹ ዕቃዎች ዞረ፤ ወደ ባትሪው፣ ወደ ኢንቨርተሩ፣ ወደ ገመዱና መከላከያው፣ ወደ ብረቱና ወደ ባለሙያው። እነዚህን ወጪዎች ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል፤ ከዚህ በታች የማሳየውም ይህንኑ ነው።

ዋጋዎችን በብር አልጠቀስኩም። ዕቃው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ወር ዋጋ ለሚቀጥለው ወር የሚያገለግል አይደለም። ዋቱ፣ አምፔሩና የዕቃው ዕድሜ ግን ከምንዛሪ ጋር አይለዋወጡም፤ እነሱን አስልተው ከወጡ የዕለቱን ዋጋ እዚያው ገበያ ላይ ራስዎ ይሞሉበታል።

መጀመሪያ ሌሊቱን ያስሉ

የሶላርን ወጪ የሚወስነው በዋናነት ሌሊት የሚፈለገው ኃይል ነው። ፓኔል መጨመር ዛሬ ርካሽ ነው፤ ሌሊቱን መሸፈን ግን ባትሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ በቤትዎ መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች ከነዋታቸውና ከሚሠሩበት ሰዓት ጋር ይጻፉ። ለምሳሌ ያህል መካከለኛ የአዲስ አበባ ቤት እንውሰድ። ስምንት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 360 ዋት-ሰዓት ይወስዳሉ፤ ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት 400፣ ባለ 10 ዋት የኢንተርኔት ራውተር ለ13 ሰዓት 130፣ በቀን 1,000 ዋት-ሰዓት የሚወስድ ፍሪጅ በሌሊቱ ክፍል 500 ገደማ፣ ስልክና ላፕቶፕ ደግሞ 100 ይወስዳሉ። ድምሩ 1,490 ዋት-ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ሲቀይር ከአሥር አንዱን ያህል ስለሚያባክን ከባትሪው የሚወጣው ወደ 1,650 ይደርሳል።

በዚህ ላይ ሻጭ ብዙ ጊዜ የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ኢንቨርተር ምንም ዕቃ ባይሰካበትም እንኳ በርቶ እስካለ ድረስ ለራሱ ኃይል ይበላል። መጠነኛው ኢንቨርተር 30 ዋት ቢወስድ በ13 ሰዓት 390 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ከስምንቱ አምፖሎች ፍጆታ ይበልጣል። ባለ 5 ኪሎ ዋት ከሆኑት መካከል ብዙዎቹ ባዶአቸውን 50 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚወስዱ በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይበላሉ፤ ማለትም ሌላ ፍሪጅ ቤት ውስጥ እንደማቆም ነው። «ለማንኛውም ትልቁን ልግዛ» የሚለው ሐሳብ ሁለት ጊዜ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ በኢንቨርተሩ ዋጋ፣ ሁለተኛ እሱን ሌሊቱን ሙሉ ለመቀለብ በሚጨመረው ባትሪ። የያዝነው ቤት ኢንቨርተሩን ጨምሮ በሌሊት 2 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል።

አሁን የኤሌክትሪክ ምጣድን ወደዚሁ ዝርዝር ያስገቡና ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ ይህም የቤቱን የሦስት ሌሊት ተኩል ፍጆታ በአንድ ጋገራ መጨረስ ነው። ምጣዱን ለመሸከም ብቻ ኢንቨርተሩ፣ ባትሪው፣ ገመዱና ፊውዙ ሁሉ ያድጋሉ። በእኔ አስተያየት የመንግሥት መብራት ባለበት ከተማ ምጣድ፣ ስቶቭና የውሃ ማሞቂያ ቦይለር በሶላሩ መስመር ላይ መግባት የለባቸውም፤ መብራት ባለበት ሰዓት ይሥሩ። ይህ ውሳኔ ግን የራሱ ትንሽ ወጪ አለው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ሁሉም ሶኬት በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ ሶላሩ የሚያበራቸውንና የማያበራቸውን መስመሮች የሚለይ ሁለተኛ የማከፋፈያ ሳጥንና አዲስ ዝርጋታ ያስፈልጋል። በፕሮፎርማው ላይ ይህ ካልተጻፈ ሥራው መሐል ላይ ሲደርስ ብቅ የሚል ተጨማሪ ሒሳብ ይሆናል።

ባትሪ፦ የሚገዛው የዕድሜ ልክ ኃይሉ ነው

ባትሪ ላይ የተጻፈው መጠንና ከባትሪው በተግባር የሚወጣው ኃይል አንድ አይደሉም። የሊድ አሲድ ቤተሰብ የሆነው ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪ 2.4 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ሆኖም ከግማሽ በታች በወረደ ቁጥር ዕድሜው ስለሚያጥር በአንድ ሌሊት የሚያገኙት 1.2 ብቻ ነው። ገበያው በአጭሩ ሊትየም የሚለው የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ግን ከያዘው ኃይል ከ80 እስከ 90 በመቶው ድረስ ሊወጣለት ይችላል፤ ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓቱ 2.56 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይዞ በ80 በመቶ ስሌት 2 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ለምሳሌው ቤት የሚቀርበው ምርጫ ሁለት ትልልቅ ጄል ወይም አንድ ሊትየም ነው፤ አንድ ጄል ከአንድ ሊትየም ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ዋጋ ማወዳደር አሳሳች ነው።

ቀጥሎ የሚሰላው ዕድሜው ነው። ባትሪ አንድ ጊዜ ሞልቶ ሲወርድ አንድ ዙር ይባላል፤ ጄሉ በየሌሊቱ እስከ ግማሽ እየወረደ 700 ዙር ቢያገለግል በዕድሜው ሁሉ የሚሰጠው 1.2 በ700 ተባዝቶ 840 ኪሎ ዋት-ሰዓት ነው። ሊትየሙ 4,000 ዙር ቢያገለግል ወደ 8,000 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይሰጣል። የሊትየሙ ዋጋ የአንዱ ጄል ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት-ሰዓት የሚከፍሉት ከጄሉ አንድ ሦስተኛ በታች ይሆናል። 700 ዙር በየቀኑ ለሚሠራ ባትሪ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ 4,000 ዙር ግን ወደ 11 ዓመት ይጠጋል። የዙሩን ቁጥር ከምርቱ ሰነድ ላይ ይውሰዱ፤ ቁጥሩ በስንት በመቶ አወራረድና በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተለካ አብሮ ካልተጻፈ ዋጋ አይስጡት።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ባትሪው በየቀኑ ተሞልቶ በየቀኑ የሚወርድ ከሆነ ነው። መብራት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪው በዓመት መቶ ዙር ላይሞላ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ቤት ጄሉ ዙሩን ከመጨረሱ በፊት በእርጅና ስለሚሞት ልዩነቱ ይጠባል፤ ገንዘብ ለጠበበውም ጄል የሚያሳፍር ምርጫ አይሆንም። ቦታውም ይታሰብ። የሊድ አሲድ ቤተሰብ የሆኑ ባትሪዎች፣ ጄልና ኤ.ጂ.ኤም. ጨምሮ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ አምስት ዓመት የሚቆይ ባትሪ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ያን ያህል አይቆይም። ለሞቃት አገር ሰው ለባትሪ የሚሆን ጥላና አየር የሚያገኝ ክፍል ማዘጋጀት ከወጪው ዝርዝር የሚገባ ነገር ነው።

ሲገዙ ሚዛን ይጠይቁ። ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ሊትየም ባትሪ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ባለ 200 አምፔር-ሰዓት ጄል ደግሞ ከ50 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ሰው ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ የሚወስደው «200 አምፔር» ባትሪ በውስጡ ምን እንዳለ መገመት አይከብድም። ሊትየም ላይ ሌላም የሚያሠጋ ነገር አለ፤ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና የወጡ ሴሎች በአዲስ ሳጥን ታሽገው ይሸጣሉ። ከሻጩ ፊት ሞልቶ በሚታወቅ ጭነት እስኪወርድ ማየት ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም ከዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ ላይ የሚጠፋ ጊዜ አይደለም። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ቢያንስ በዋስትና ወረቀቱ ላይ ባትሪው ከተጻፈበት መጠን ስንት በመቶ በታች ሲወርድ እንደሚቀየር፣ የሚቀይረውም እዚህ ያለው አስመጪ መሆኑን ያስጽፉ። የአሥር ዓመት ዋስትና ባሕር ማዶ ባለ ፋብሪካ ስም ብቻ ከተጻፈ ባትሪውን ተሸክሞ ወደዚያ የሚሄድ የለም።

ኢንቨርተርና ኮንትሮለር

ኢንቨርተር ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ኬ.ቪ.ኤ. (ኪሎ ቮልት-አምፔር) ነው፤ ባለ 5 ኬ.ቪ.ኤ. የሚባለው 4 ኪሎ ዋት ብቻ የሚሰጥ ሊሆን ስለሚችል ኪሎ ዋቱን ይጠይቁ። ከዚያም ለጥቂት ሴኮንድ የሚሸከመውን ይጠይቁ፤ የፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ሞተር ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ 150 ዋት የሚለው ፍሪጅ ደካማውን ኢንቨርተር ሊያጠፋው ይችላል። የሞተር ዕቃ ላለው ቤት ሞገዱ ንጹሕ ሳይን፣ ማለትም እንደ መንግሥት መብራት ለስላሳ የሆነው ብቻ ይገዛ፤ ርካሹ ዓይነት ሞተሩን ያሞቃል፣ ድምፅም ያሰማል።

ለደጋው ሰው የሚጨመር ነገር አለ። ብዙ አምራቾች ኢንቨርተራቸው ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደሚቀንስ በሰነዳቸው ይጽፋሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን የማውጣት አቅሙ ስለሚደክም ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 በላይ ናቸው። ስለዚህ ከስሌትዎ ላይ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ትርፍ ያስቀምጡ፤ የተገዛው ኢንቨርተርም ግድግዳው ላይ አየር እንዲያገኝ እንጂ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲታፈን አያድርጉ።

ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር በዘመናዊዎቹ ድብልቅ ኢንቨርተሮች ውስጥ ተካቶ ይመጣል፤ ለብቻው ከተገዛ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ርካሹ ፒ.ደብሊው.ኤም. እና ፓኔሉን በራሱ ቮልት አሠርቶ ኃይሉን ወደ ባትሪው ቮልት የሚቀይረው ውዱ ኤም.ፒ.ፒ.ቲ.። እዚህ ላይ ቁጠባው እንዴት እንደሚያከስር በአንድ ፓኔል እንይ። ባለ 550 ዋት ፓኔል በ42 ቮልት አካባቢ 13 አምፔር ይሰጣል። ፒ.ደብሊው.ኤም. ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ስለሚያወርደው በ12 ቮልት ባትሪ ላይ የሚገኘው 13 አምፔር በ13 ቮልት ተባዝቶ 170 ዋት ገደማ ነው፤ ቀሪው 380 ዋት ተከፍሎበት የማይገኝ ኃይል ነው። ለትልልቆቹ ፓኔሎች ኤም.ፒ.ፒ.ቲ. ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ኤም.ፒ.ፒ.ቲ.ም የሚችለው የቮልት ጣሪያ አለው። ፓኔል ሲበርድ ቮልቱ ይጨምራል፤ ጭነት ሳይገናኝባቸው 49.5 ቮልት የሚያሳዩ ሦስት ፓኔሎች በተርታ (የአንዱ ፕላስ ከቀጣዩ ማይነስ ጋር) ሲገናኙ 148.5 ቮልት ይሆናሉና ጣሪያው 150 ለሆነ ኮንትሮለር የሚበቁ ይመስላሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግን በ5 ዲግሪ ማለዳ 156 ቮልት ደርሰው ሊያቃጥሉት ይችላሉ።

ገመድና መከላከያ

ገንዘብ ያለቀበት ገዥ የሚቀንሰው ገመዱን ነው፤ መቀነስ የማይገባውም እሱን ነው። ይሁን እንጂ ወፍራም ገመድ ከመግዛት በፊት በነጻ የሚገኝ ቁጠባ አለ። ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔሎች ተቀምጠው ገመዱ ወደ ታች 20 ሜትር ይወርዳል እንበል፤ መሄጃውና መመለሻው 40 ሜትር ነው። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ በዚህ ርዝመት 0.175 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ሁለቱ ፓኔሎች ጎን ለጎን (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ሲገናኙ 26 አምፔር ስለሚያልፍ 118 ዋት ገመዱ ላይ ይቀራል፤ በተርታ ሲገናኙ ግን 13 አምፔር ብቻ ስለሚያልፍ የሚባክነው 30 ዋት ነው። ገመዱም ፓኔሉም ያው ነው፤ የተለወጠው አገናኘቱ ብቻ ነው። በባትሪው በኩልም ሕጉ አንድ ነው፤ 3,000 ዋት በ12 ቮልት 250 አምፔር፣ በ24 ቮልት 125፣ በ48 ቮልት ግን 63 አምፔር ገደማ ይሆናል። ከ2 ኪሎ ዋት በላይ ለሆነ ቤት የ12 ቮልት ሥርዓት መምረጥ በባትሪ የተቆጠበውን በመዳብ መልሶ መክፈል ነው።

ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው ገመድ ፀሐይን የሚቋቋም የሶላር ገመድ መሆን አለበት፤ የቤት ውስጥ ሽቦ ልባሱ በጥቂት ዓመት ፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል። ኤም.ሲ.4 የሚባሉት መጋጠሚያዎችም በፒንሳ ሳይሆን በራሳቸው መጭመቂያ መጨመቅ አለባቸው፤ ላላ ያለ መጋጠሚያ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ በታች ያለውን ጣሪያም ያቃጥላል።

መከላከያውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ለኤ.ሲ.፣ ማለትም ለመንግሥት መብራት ዓይነት ተለዋዋጭ ጅረት የተሠራ የቤት ብሬከር በፓኔሉና በባትሪው መስመር ላይ አይገባም። ኤ.ሲ. በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ ከፓኔልና ከባትሪ የሚወጣው ቀጥተኛ ጅረት፣ ዲ.ሲ.፣ ግን ስለማያቋርጥ ብልጭታው እሳት ሆኖ ይቀጥላል። የዲ.ሲ. ብሬከር፣ ባትሪው አጠገብ የሚቀመጥ ፊውዝ፣ የመብረቅ ኃይል መከላከያና ወደ መሬት የሚገባ የመዳብ ዘንግ በአንድነት ከጠቅላላው ወጪ ትንሽ ክፍል ናቸው፤ ክረምቱ በመብረቅ በሚታወቀው ደጋ ግን ኢንቨርተሩን የሚያድኑት እነዚህ ናቸው። የመንግሥት መብራት ባለበት ቤት መቀያየሪያው ሁለቱን ምንጮች በአንድ ጊዜ ማገናኘት የማይችል ዓይነት ይሁን፤ መብራት ጠፍቶ መስመር የሚጠግን ሠራተኛ ከእርስዎ ቤት በሚመለስ ኃይል ሊሞት ይችላል።

ብረት፣ ጣሪያና ጉልበት

አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል ወደ 28 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱም 2.28 በ1.13 ሜትር ያህል ስለሆነ ንፋስ ሲያገኘው እንደ ሸራ ይነሳል። በባሕር ዛፍ ላይ የተመታ አሮጌ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ለብረቱ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አናጢ አስወጥቶ እንጨቱን ያስመርምር፤ ጣሪያ ማጠናከር ካስፈለገ ከመቆሚያው ብረት በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ብረቱ ዚንክ የተነከረ ወይም አሉሚኒየም ይሁን፤ በቀለም ብቻ የተሸፈነ ጥቁር ብረት ከፓኔሉ የሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ ጋር አይሄድም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን፣ በቀሪው ጊዜ ደግሞ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ቢል ይበቃዋል፤ ይህም ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ያደርጋል፣ ረጅም እግር ያለው ውድ መቆሚያም አያስፈልግም።

የባለሙያ ክፍያ ላይ ብዙ መከራከር አልወድም፤ ምን እንደሚያካትት ማስጻፍ ግን ተገቢ ነው። ከከተማ ርቆ ለሚገኝ ቤት ዋናው ጥያቄ ዕቃው ሲበላሽ ባለሙያው ተመልሶ የሚመጣበት የመጓጓዣና የውሎ አበል በማን ነው የሚለው ነው። ፕሮፎርማው 15 በመቶ ቫትን ያካተተ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ሳይካተት የቀረበ ዋጋ ከሌላው የረከሰ ይመስላል።

ፕሮፎርማውን በሁለት ዓምድ መጻፍ

ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ሲቀበሉ «ሙሉ ሴት» (ሙሉ ስብስብ) የሚል አንድ መስመር ያለበትን ይመልሱት፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከነሞዴሉ፣ ገመዱም ከነውፍረቱና ከነርዝመቱ ይጻፍ። ከዚያ በራስዎ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በአንደኛው የመጀመሪያውን ቀን ወጪ፣ በሁለተኛው የአሥር ዓመቱን ያስቀምጡ። ፓኔሉ፣ ብረቱና ገመዱ በሁለቱም ዓምድ አንድ ቁጥር ይሆናሉ። በየቀኑ የሚሠራ ጄል ባትሪ ግን በአሥር ዓመቱ ዓምድ አምስት ጊዜ ያህል ይገባል፤ ሊትየሙ አንድ ጊዜ። ለኢንቨርተሩ ቢያንስ የአንድ ጊዜ ጥገና ይያዝለት። በዚህ መንገድ ሲጻፍ በመጀመሪያው ዓምድ ርካሽ የነበረው ፕሮፎርማ በሁለተኛው ብዙ ጊዜ ውዱ ሆኖ ይገኛል፤ መብራት አልፎ አልፎ ብቻ በሚጠፋበት ቤት ደግሞ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል።

ከክፍያው ላይ ጥቂቱን እስከ ርክክብ ያቆዩ። በርክክቡ ምሽት የመንግሥትን መብራት አጥፍተው በዝርዝርዎ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ አንድ ላይ ያብሩ፤ ፍሪጁ በጭነት መሐል ሲነሳ ኢንቨርተሩ መቋቋሙን ይመልከቱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለሙያው ባለበት የባትሪው ገመድ ጫፎች፣ የፊውዙ ቤትና ብሬከሮቹ መሞቃቸውን በሙቀት መለኪያ ያስለኩ፤ አንዱ ጫፍ ከጎረቤቱ ለይቶ ከሞቀ እዚያው ተፈትቶ እንደገና ይጥበቅ። የመንግሥት መብራት እንደጠፋ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በዝርዝሩ በተጻፈው ሰዓት ልክ እያሠሩ ሌሊቱን አሳድረው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በባትሪው የቀረውን መጠን ካነበቡና ከስሌትዎ ጋር ካመሳከሩ በኋላ ቀሪውን ይክፈሉ።